መታጠቢያ ቤታችንን ያደሰው ኮንትራክተር፦ ከፕሮፎርማው እስከ ሲሊኮኑ

የሻወሩ ውሃ ወደ አጠገቡ ክፍል ግድግዳ እየሰረገ ቀለሙን ሲልጠው፣ ሦስት ባለሙያ ጠርተን ሦስት ፕሮፎርማ ተቀበልን። እዚህ የምገመግመው በመጨረሻ ሥራውን የሰጠነውን ነው። ስም አልጠራም። የሚመሰገንበትም የሚወቀስበትም አለው።

ከዋጋው ልጀምር። ከሦስቱ ውዱ እሱ ነበር፣ ቢያንስ ወረቀቱ ላይ። የርካሹ ፕሮፎርማ አንዲት መስመር ናት፦ «የመታጠቢያ ቤት እድሳት፣ እቃና የእጅ ዋጋ ጨምሮ»፣ ከሥሯ ድምር። በቃ። ምን ምን ያካትታል ብለን መጠየቅ ስንጀምር ጉድ ፈላ። የድሮውን ሴራሚክ ማፍረስ ተካቷል፣ ፍርስራሹን ማውጣት ግን አልተካተተም። አዲስ ሴራሚክ አለ፣ ከሥሩ የሚቀባው ውሃ መከላከያ ግን የለም። ቧንቧውስ? «እሱ ከተከፈተ በኋላ ይታያል።» የጎደሉትን አንድ በአንድ አስገብተን ስንደምረው፣ ከውዱ ጋር የነበረው ልዩነት እዚህ ግባ የማይባል ሆነ።

ውሃ መከላከያው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የኛ ችግር መነሻው እሱ ነው። ብዙ ሰው ውሃውን የሚያግደው ሴራሚኩ ይመስለዋል። ሴራሚኩ ራሱ ባያሳልፍ እንኳ በመሀል በመሀሉ ያለው መሙያ ያሳልፋል። ውሃውን የሚያስቆመው ከሥር ያለው ቅብ ነው። ሴራሚክ ከተለጠፈበት በኋላ ማንም ስለማያየው ደግሞ ዋጋ ዝቅ ለማድረግ ቀድሞ የሚሰረዘው እሱ ነው። የኛ ሰው ግን ለብቻው መስመር ሰጥቶት ነበር፦ ስንት ካሬ እንደሚቀባ፣ ሁለት ዙር መሆኑን፣ ማዕዘኖቹ ላይ መረብ እንደሚገባ፣ ከዚያም ፍሳሹ ተደፍኖ ወለሉ ላይ ውሃ ለ24 ሰዓት ቆሞ እንደሚፈተሽ። እውነትም አቆመው። በእርሳስ የውሃውን ከፍታ ግድግዳው ላይ አስምሮ ሄደ፣ በማግስቱ መጥቶ አየው። እኔ በበኩሌ ሥራውን ያመንኩት ያኔ ነው።

ሦስተኛው ፕሮፎርማ በዝርዝር የተጻፈ፣ የሚያምር ነበር። ችግሩ ልኬቱ ላይ ነው። ክፍሉ 2 ሜትር በ2 ሜትር ነው፣ ሴራሚኩ የሚወጣው እስከ 2.2 ሜትር። ዙሪያው 8 ሜትር ስለሆነ ግድግዳው 17.6 ካሬ ይመጣል። በሩ ሲቀነስ 16 ገደማ፣ ወለሉ 4፣ በድምሩ 20 ካሬ። ለሚሰበርና ለሚቆረጥ 10 በመቶ ብትጨምሩበት 22። እሱ የጻፈው 30 ነው። የካሬው ዋጋ ርካሽ ስለነበር ድምሩ ዓይን አይሞላም፣ ግን ላልተለጠፈ ሴራሚክ ልንከፍል ነበር። ሜትር ይዛችሁ ራሳችሁ ለኩ፣ ሩብ ሰዓት አይፈጅም።

አንድ ነገር ግን ለኮንትራክተሮቹ ልሟገትላቸው። ትንሽ ሥራ በካሬ ሲሰላ ሁሌም ይወደዳል። መሣሪያ ማጓጓዙ፣ ማፍረሱ፣ ቅቡ እስኪደርቅ መጠበቁ ክፍሉ ትንሽ ስለሆነ አይቀንስም። የትልቅ ሕንፃ የካሬ ዋጋ ይዞ መጥቶ «አጭበረበርከኝ» ማለት ደግ አይደለም።

የኛው ሰው ወረቀትም እንከን አልጠፋውም። «ልዩ ልዩ ወጪ» የምትል መስመር ነበረች፣ ጠቀም ያለ ገንዘብ ይዛ። ዘርዝርልን አልነው። ሲዘረዝር ግማሹ ሌላ ቦታ የተቆጠረ ሆኖ ተገኘ፣ ሳይከራከር አወጣው። ቀብድም ግማሹን ጠይቆ ነበር፤ ተነጋግረን ለመጀመሪያው እቃ መግዣ ብቻ ሰጠነው፣ ቀሪው በየደረጃው እንዲከፈል፣ 10 በመቶው ደግሞ ሁሉም ነገር አልቆ እስክናይ እኛ ጋ እንዲቆይ።

ግድግዳው ሲከፈት የተበላ ቧንቧ ወጣ። እዚህ ላይ አመሰግነዋለሁ። ሥራውን አቁሞ ፎቶ ላከልን፣ ተጨማሪውን ዋጋ ጽፎ አስፈርሞን ነው የቀጠለው። ሠርቶ ጨርሶ «ይሄ ይጨመርልኝ» የሚል ሰው ያጋጠመው ያውቀዋል። ለእንዲህ ዓይነቱ ብለን 15 በመቶ መጠባበቂያ ይዘን ስለነበር አልደነገጥንም፤ ቤቱ አሮጌ ነው።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። ቀጠሮ አያከብርም። «ነገ ጠዋት» ካለ ከሰዓት ነው፣ አንዳንዴም ከነገ ወዲያ። ስልክ ያነሳል፣ እሱን አልክድም፣ ግን ሳትደውሉ «ልቀር ነው» አይልም። ሌላው የማጠናቀቂያ ሥራው ነው። ወለሉ ውሃውን ቀጥ አድርጎ ወደ ፍሳሹ ይወስዳል፣ መስመሮቹም ልክ ናቸው፤ የእጅ መታጠቢያው ዙሪያ ያለው ሲሊኮን ግን በጣት የተዝረከረከ ነበር። ያቆየነው 10 በመቶ ባይኖር ለእሷ ተመልሶ መምጣቱን እጠራጠራለሁ። መጣ፣ ፍቆ ደግሞ ሠራው፣ አሁን ደህና ነው።

ግድግዳው ደርቋል፣ አዲሱ ቀለምም አልተነሳም። ለሴራሚክና ለውሃ ሥራ ደግሜ እጠራዋለሁ። እንግዳ ሊመጣባችሁ ቀን ቆርጣችሁ ከሆነ ግን ሌላ ሰው ፈልጉ። ከ5 ኮከብ 4፣ አንዷን የወሰደችበት ቀጠሮው ናት።