ደብዳቤው ይሻላል ወይስ ማስታወቂያው?

ስለ ጦርነት ዘመን የነፍስ አድን ጃኬት (ሰው ውኃ ላይ እንዲንሳፈፍ የሚለብሰው) የተጻፉ አሮጌ ወረቀቶችን መሰብሰብ ያማረው ሰው ሁለት መንገድ አለው፤ ወይ ማስታወቂያ፣ ወይ የነጋዴዎች ደብዳቤ።

ማስታወቂያው ዓይን ይስባል። ሥዕሉ ያምራል፣ ዋጋውም ኪስ አይጎዳም፤ መጽሔቱ በብዛት ታትሟላ! ችግሩ ሻጮች ገጹን ከመጽሔቱ ገንጥለው መሸጣቸው ነው። ቀኑም፣ የመጽሔቱ ስምም አብሮ ይጠፋል። ደግሞስ ማስታወቂያ መቼ ጉድለቱን ተናግሮ ያውቃል?

ጉዱ ያለው ደብዳቤው ውስጥ ነው። የሁለተኛውን የዓለም ጦርነት እንውሰድ። ጃኬቱ የሚሞላው ካፖክ በሚባል ከዛፍ በሚገኝ ጥጥ መሰል ነገር ነበር። አሜሪካ የምታስመጣው በአብዛኛው የዛሬዋ ኢንዶኔዥያ ደሴት ከሆነችው ከጃቫ ነበር። ጃፓን በ1942 እ.ኤ.አ. ጃቫን ስትይዝ ምንጩ ደረቀ። ከዚያ የአሜሪካ ልጆች ለካፖክ ምትክ እንዲሆን በየሜዳው ሚልክዊድ የተባለ አረም ፍሬ ለቀማ ወጡ። መፈክራቸው «ሁለት ከረጢት አንድ ነፍስ ያድናል» የሚል ነበር። የዚያን ጊዜ የፋብሪካና የአቅራቢ ደብዳቤ ካገኛችሁ ቀኑን ቶሎ እዩት። ከጃቫ መያዝ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ወሬው ሁሉ እዚያ ላይ ይለወጣል።

ፖስታውንም እንዳትጥሉ። ብሪታንያን አቋርጦ ያለፈ ከሆነ ጠርዙ ተቀዶ፣ የደብዳቤ ሳንሱር መርማሪ እንደከፈተው የሚገልጽ «ፒ.ሲ. 90» የሚል ወረቀት ተለጥፎበት ሊሆን ይችላል።

ደብዳቤ ግን ትዕግሥት ይፈትናል። በካርቦን የተገለበጠው ቅጂ ይደበዝዛል፣ ስስ ወረቀቱም እጥፋቱ ላይ ይቀደዳል። ለጀማሪ ማስታወቂያው ይቀላል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን፣ አሥር የሚያማምሩ ገጾች ሰጥቼ «ዕቃው አልደረሰንም» የምትል አንዲት ደብዳቤ እወስዳለሁ።