«ጣትህ ይለምዳል» ተብዬ የገዛሁት ጊታር፦ ከ11 ወር በኋላ

ጊታሩን የሸጠልኝ ሰውዬ ይሄን ጽሑፍ ቢያነበው ደስ ይለኛል። ስሙን አልጠራም፤ ሱቁንም አልጠቁምም። ራሱን ያውቃል። ባለፈው መስከረም ጊታሩን ቦርሳው ውስጥ እየከተተልኝ ሳለ «ክሩ ትንሽ አልጠነከረም ወይ?» ብዬ ስጠይቀው፣ ፈገግ ብሎ «አይዞህ ወንድሜ፣ ጣትህ ይለምዳል» ያለኝ እሱ ነው።

አልለመደም።

ዕቃው የብረት ክር ያለው አኩስቲክ ጊታር ነው። ለጀማሪ ተብሎ የሚሸጠው ዓይነት፣ ቡናማ፣ የወር ደሞዜን ግማሽ አለፍ ያለ። ቀለሙ አልተላጠም። ማጥበቂያዎቹ አልላሉም። ድምፁ ለዋጋው ደህና ነው። ስለዚህ ሁሉ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም። የምጽፈው ስለ አንድ ነገር ነው፤ ክሩ ከአንገቱ ምን ያህል ከፍ ብሎ እንደተቀመጠ።

መጀመሪያ ለምን እንደገዛሁት ልንገራችሁ። ዕድሜዬ 34 ነው፤ ባንክ ውስጥ ገንዘብ እቆጥራለሁ። ሙዚቃ ተምሬ አላውቅም። ሰርግ ላይ ግን ማንም ሳይጎትተኝ ነው የምነሳው። ጊታር ያማረኝ ማታ ማታ ብቻዬን ልተክዝበት አይደለም። ሰው ላስጨፍርበት ነው። ትከሻ የሚያስነሳ ነገር በራሴ እጅ ልመታ። ይሄንንም ለሻጩ ነግሬዋለሁ። «ለጭፈራ? ይሄ ነው እንግዲህ!» ብሎ ከግድግዳው ላይ ያወረደልኝ ይሄንኑ ነው።

የመጀመሪያው ወር እንደ ሁሉም ሰው ነበር። ጣት ያማል፣ ያብጣል፣ ይላጣል። ይሄ ያለ ነው። ሁለተኛው ወር ላይ የግራ እጄ ጣቶች ጫፍ ላይ ቦይ የመሰለ ነገር ወጣ። ስልኬ «ጣትህን አላወቅኩትም» ማለት ጀመረ። በጠዋት መስኮት ላይ ቁጭ ብዬ ብር ስቆጥር፣ አዲስ ብር ሲሆን ጠርዙ እንደ ምላጭ ይሰማኛል። ማታ ቤት ገብቼ ደግሞ እንደገና ጊታሩን አነሳለሁ። ጣቴ ይለምዳል ተብያለኋ!

ከኢንተርኔት የተማርኩት ሦስት ኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች) ነው፤ ጂ፣ ሲ፣ ዲ። ሁሉም በአራት ምት። አከራያችን እትዬ በሩን ገፋ አድርገው «ምነው ልጄ፣ ጸሎት ቤት ልትገባ ነው እንዴ?» አሉኝ። አልቀለዱም፤ ከልባቸው ነው። እኔ እኮ እስክስታ እየሞከርኩ ነበር።

ሦስተኛው ወር ላይ ኤፍ ኮርድ መጣ። የማያውቅ ሰው ካለ፣ በአመልካች ጣት ስድስቱንም ክር በአንዴ መጫን ማለት ነው። እኔ ስጫን ሁለቱ ብቻ ይጮሃሉ። የቀሩት እንደ ጣሳ ይንኳኳሉ። ባለቤቴ አየችኝና «እጅህ ላይ ጥንካሬ የለም ማለት ነው» አለች። በግራ እጄ የቴኒስ ኳስ መጭመቅ ጀመርኩ። ታክሲ ውስጥ ስጨምቅ ያየኝ አለቃዬ ጭንቀት ይዞኝ መስሎት ነበር።

ከሁሉ የሚገርመኝ ይሄ ነው። ስልኬ ላይ ባለው መቃኛ ባዶውን ክር ልክ አድርጌ እቃኛለሁ። አረንጓዴ ይበራል። 1ኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ በአግድም ከተተከሉት ቀጫጭን ብረቶች የመጀመሪያው) ላይ ስጫነው ግን ከልኩ ቀጥኖ ይወጣል። ክሩ ከፍ ሲል እስከ ታች ድረስ መጎተት አለበት፤ ሲጎተት ይወጠራል፤ ሲወጠር ድምፁ ይቀጥናል። ይሄ የገባኝ በኋላ ነው። ያኔ የመሰለኝ ጆሮዬ እንደማይረባ ነበር። የአምባሰልን ቅኝት አስቡት። በዶ ከተነሳችሁ ዶ፣ ሬ ቢሞል፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ቢሞል ነው። መነሻውን ባዶ ክር ላይ ካደረጋችሁት ሁለተኛዋ ድምፅ 1ኛው ፍሬት ላይ ናት። አምባሰልን አምባሰል የምታስመስለው እሷው ናት። እሷ ከተንሸራተተች የሚሰማው ሌላ አገር ነው። ክራር ደርዳሪ ይሄ ችግር የለበትም፤ ክሩን ራሱን ነው የሚቃኘው። ማሲንቆም ፍሬት የለውም፤ ጣት ጆሮን ተከትላ ትሄዳለች። ጊታር ግን ፍሬቱ የተተከለበት ቦታ ይወስናል። ክሩ ከፍ ካለ ደግሞ እሱም ይዋሻል።

ጥር ላይ ሌላ መጣ። በጋው ሲከርር እንጨቱ ደረቀ፤ አንገቱ ጠበበ። ብረቱ ግን አይጠብም። የፍሬቶቹ ጫፍ በጎን ወጣ ወጣ አሉና እጄ ወደ ላይ ወደ ታች ሲል መዳፌን ይቧጭሩት ጀመር። ያን ቀን ጊታሩን ቁም ሳጥን ላይ ሰቀልኩት። ለሦስት ሳምንት አላየሁትም። ሻጩን ግን በየቀኑ በሐሳቤ እከራከረው ነበር። «ጣት ስንት ጊዜ ነው የሚለምደው?» እለዋለሁ። «እንደ ሰዉ ነው» ይለኛል። «ሦስት አራት ሳምንት ነው! እኔ አምስተኛ ወሬን ይዣለሁ!» እለዋለሁ። ፈገግ ይላል። ሻወር ቤት ውስጥ እንኳን ፈገግ ይልብኛል።

የካቲት ላይ ልሸጠው ፎቶ አነሳሁት። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ፎቶውን አይቶ «ከመሸጥህ በፊት ለአንድ ሰው አሳየው» አለኝ።

ሰውየው ክራርም ማሲንቆም ጊታርም የሚጠግኑ ሽማግሌ ናቸው። የሚሠሩት ቤታቸው በረንዳ ላይ ነው። ጊታሩን ተቀብለው አልተጫወቱበትም። አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው አንገቱን እንደ ጠመንጃ አነጣጠሩበት። ከዚያ ከደረት ኪሳቸው ቢክ እስክሪብቶ አወጡ፤ ጫፉን በጥርሳቸው ነቅለው ውስጥ ያለችውን ቀጭን የቀለም ቱቦ መዘዟት። 12ኛው ፍሬት ላይ፣ በወፍራሙ ክርና በፍሬቱ መሀል አስገቧት። ገባች። ምንም አልነካትም። በጣታቸው ገፋ ሲያደርጓት ወዲያ ወዲህ ተንከባለለች።

«በዚህ ነው አምስት ወር የተማርከው ልጄ?»

«አዎ ጋሼ።»

«እግዜር ጣትህን ይካሰው።»

ቱቦዋ 3 ሚሊ ገደማ ናት። በማስመሪያ ሲለኩት የኔ ክር 4 ሚሊ ተኩል ከፍ ብሎ ነበር። እንዲህ ላለ ጊታር 2 ሚሊ ተኩል ገደማ ይበቃዋል። 2 ሚሊ ምን ትሠራለች ትሉ ይሆናል። ጫማችሁ ውስጥ 2 ሚሊ ጠጠር ከታችሁ አንድ ቀን ዋሉና ንገሩኝ።

ሥራው አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀ። ክሮቹን ፈቱ። አንገቱ ውስጥ የብረት ዘንግ አለ፤ ኤል የምትመስል ቁልፍ ከተው ሩብ ዙር አጠበቁት፤ ጎብጦ የነበረው አንገት ቀና አለ። ቀጥሎ ብሪጁ (ክሮቹ ከሳጥኑ ጋር የሚታሰሩበት እንጨት) ላይ ክሮቹ የሚያርፉባትን ነጭ ቁራጭ አወጡና በእርሳስ አሰመሩባት። ብርጭቆ ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ይፈትጓት ጀመር። ላይዋን አይደለም፣ ታችዋን። 12ኛው ፍሬት ላይ 1 ሚሊ እንዲወርድ እዚህ 2 ሚሊ ነው የሚፈተገው አሉኝ። ነጭ ብናኝ ሱሪያቸው ላይ ይወርዳል፤ እፍ ይሉታል፤ ይለካሉ፤ እንደገና ይፈትጋሉ። ከላይ በኩል ደግሞ ክሮቹ የሚያልፉባቸውን ቦዮች በቀጭን ሞረድ ዝቅ አደረጓቸው። የፍሬቶቹን ጫፍም በዚያው ሞረዱላቸው። በመጨረሻ ከ0.012 ኢንች ውፍረት ይጀምር የነበረውን ክር ትተው ከ0.010 የሚጀምር ቀጭን ክር አሰሩለት።

ቱቦዋን እንደገና ሞከሯት። አልገባ አለች። ሰጡኝ። ዋጋው ከአንድ ኪሎ ቡና ያነሰ ነው።

እዚያው በረንዳ ላይ ኤፍ ኮርድ ያዝኩ። ስድስቱም ጮሁ። ደንግጬ እጄን አየሁት። ያው እጅ ነው፤ ጥዋት ሁለት ክር ብቻ ያስጮህ የነበረው። ደስ ከማለቱ በላይ ተናደድኩ። አምስት ወር! በዚያ ላይ የቴኒስ ኳሱ።

ጭፈራው የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ችክችካ በጊታር ምን እንደሚፈልግ ያኔ ገባኝ፤ ጉልበት አይደለም። ስድስት ቁጠሩ። እግራችሁ አንድ ላይና አራት ላይ ይረግጣል። ቀኝ እጅ አያርፍም፤ ታች፣ ላይ፣ ታች፣ ላይ እያለ ስድስቱንም ያልፋል። የሚመርጠው ግራ እጅ ነው። ሲጫን ድምፅ፣ ክሩን ሳይለቅ ላላ ሲያደርግ ደግሞ ደረቅ «ችክ»። መጫን፣ ማላላት፣ መጫን፣ በአንድ ምት ውስጥ ስንት ጊዜ። ክሩ 4 ሚሊ ተኩል ላይ ተሰቅሎ ይሄ እንዴት ይሆናል? የኔ ጣት ተጭኖ እስኪመለስ ጨፋሪው ተቀምጧል። እጅ የሚያወናብድም ነገር አለው። አንድ ላይ ወደ ታች ከመታችሁ አራት ላይ ወደ ላይ ነው የሚያርፍባችሁ። እግር ይረግጣል፣ እጅ ይወጣል። እሱን ለማላመድ ብቻ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ።

ኮርድ ማብዛቱንም ተውኩት። ቅኝታችን አምስት ድምፅ ነው። በዶ ትዝታን ብትጫወቱ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። እዚያ ላይ ሙሉ ጂ ኮርድ ብትመቱ ሲ (ከላ ቀጥላ ያለችው ድምፅ፣ ሲ ኮርድ አይደለችም) ትገባለች፤ ሲ ደግሞ ዜማው ውስጥ የለችም። ያ የመዝሙር ጠረን ከዚያ ነበር የሚመጣው። አሁን ቀጫጭኖቹን ሦስት ክሮች ብቻ ነው የምነካው፤ ሁለት ድምፅ፣ አጭር አጭር። የአይቤክስና የሮሃ ባንዱን ጊታሪስት ሰላም ስዩምን በጆሮ ማዳመጫ ደጋግማችሁ ስሙት። ጊታሩ ቦታ አይሻማም። ቆረጥ አድርጎ ይወጣል፤ እግራችሁ ግን ያለሱ አይንቀሳቀስም።

ሰኔ ላይ፣ አንድ እሑድ፣ እትዬ ቡና ጠሩን። መብራት የለም። ጊታሩን ይዤ ወረድኩ። አቦል እየተቀዳ ችክችካውን ቀስ ብዬ ጀመርኩ። ማንም አላየኝም። እትዬ ጀበናውን ይዘው ሲኒ ሲኒው ላይ እያንቆረቆሩ ነው። ቀኝ እጃቸው ጀበናው ላይ ነው፣ ዓይናቸው ሲኒው ላይ ነው። ግራ ትከሻቸው ግን ተነሳ። አንዴ። ከዚያ ደገመ። እሳቸው አላወቁም። ባለቤቴ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ። «አትቁም!» አለች በሹክሹክታ። አልቆምኩም። ሁለተኛው ሲኒ ላይ ቡናው ረከቦቱ ላይ ፈሰሰ። እትዬ ጀበናውን አስቀምጠው ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ። ስለ ጸሎት ቤት የተነሳ ነገር የለም።

ለጭፈራ ኤሌክትሪክ ይሻላል የሚለኝ አለ። እውነቱን ነው። ክሩ ቀጭን ነው፣ ዝቅ ብሎ ይቀመጣል፣ ባንዶቹም ያስጨፈሩን በሱ ነው። ግን አምፕሊፋየር ይፈልጋል፣ አምፕሊፋየር መብራት ይፈልጋል፣ ያን እሑድ ደግሞ መብራት አልነበረም። በአኩስቲክ አይጨፈርም ለሚል የሙዚቀኛውን የግሩም መዝሙርን ባንድ፣ «አዲስ አኩስቲክ ፕሮጀክት»ን ይስማ፤ ማንዶሊን፣ አኮርዲዮንና ክላርኔት ይዘው ምን እንደሚሠሩ። የናይለን ክር ያለውስ? ለጣት ይለሰልሳል፣ አንገቱ ግን ሰፋ ይላል። አንድ ነገር ብቻ፤ ናይለኑ ላይ የብረት ክር እንዳታስሩበት። ጉተታው የናይለኑን እጥፍ ሊጠጋ ይችላል፤ ብሪጁን ከነሙጫው ይነቅለዋል። በሽማግሌው በረንዳ ላይ እንዲህ የተነቀሉ ሦስት ጊታሮች አይቻለሁ።

አሁን ሐምሌ ነው። እርጥበቱ ገብቶበት ክሩ ትንሽ ተነሳ፤ ቱቦዋ ጫፏን ማስገባት ጀመረች። ይዤው ሄጄ አስተካከሉልኝ።

ይሄንኑ ጊታር ድጋሚ እገዛለሁ ወይ? ዛሬ ከጠየቃችሁኝ፣ አዎ፣ ማንም አይነካብኝም። ጥር ላይ ብትጠይቁኝ ለማገዶ እሰጣችሁ ነበር። እንጨቱ ያው እንጨት ነው። ሻጩን ግን አሁንም ይቅር አላልኩትም። ክሩ ከፍ ማለቱን እሱም አያውቅ ይሆናል፤ ማንም አልለካለትም። ግን ሲጠየቅ ጥፋቱን ለጣቴ መስጠቱ ነው የሚያበግነኝ።

ባለፈው ቅዳሜ የእህቴን ልጅ ጊታር ላስመርጣት ይዣት ወጣሁ። 14 ዓመቷ ነው። ሱቁ ሌላ ነው፣ ሻጩም ሌላ። ቱቦዋን ከኪሴ አወጣሁ። አንደኛው ላይ ገባች። ሁለተኛው ላይ ገባች። ሦስተኛው ላይ ተንከባለለች። ሻጩ ምን እንደምሠራ አልገባውም፤ ልጅቷ ግን ሦስተኛውን ተቀብላ ጫን አደረገችና ፊቷን አጨማደደች።

«አይዞሽ እናቴ» አላት፣ «ጣትሽ ይለምዳል።»

ከኔ በፊት የሳቀችው እሷ ናት።