ለምትጦሯቸው ወላጆች የትኛው የመድኃኒት ሳጥን ይሻላል?

አሜሪካ ሆናችሁ የደም ግፊት ወይም የስኳር ሕመም ያለባቸውን እናት ወይም አባት የምትጦሩ ከሆነ፣ ማስታወቂያው ሁሉ «ስማርት ሳጥን ግዙ» ይላችኋል። ዋጋ ከማነጻጸራችሁ በፊት መድኃኒቱ ለምን እንደሚዘለል ለዩ። ይረሱታል? የትኛው ክኒን የቱ እንደሆነ ይምታታባቸዋል? ወይስ «ወስጄ ይሆን?» እያሉ ሁለቴ ይውጣሉ? አንድ ዕቃ ሦስቱንም አይፈታም። ሆዳቸውን ስለሚያማቸው ወይም ጾም ስለያዙ ሆን ብለው የሚተዉት ከሆነ ደግሞ ገንዘባችሁን አታባክኑ፤ ሐኪማቸውን አነጋግሩ።

መምታታት ከሆነ ችግሩ፣ የእኔ ምርጫ ፋርማሲው ራሱ ለይቶ በከረጢት የሚያሽገው መድኃኒት ነው። ይህን ከሚሠሩት ስሙ የታወቀው አማዞን እ.ኤ.አ. በ2018 የገዛው ፒልፓክ የተባለ የኦንላይን ፋርማሲ ነው፤ አንዳንድ የሰፈር ፋርማሲዎችም ይህንኑ ይሠራሉ፣ ጠይቁ። በአንድ ሰዓት የሚዋጡት ክኒኖች በአንዲት ትንሽ ከረጢት ይገባሉ፤ ቀኑ፣ ሰዓቱና የመድኃኒቶቹ ስም ይታተምባታል። እንደ ሎተሪ ትኬት ተያይዘው ስለሚመጡ አንዱን ቀዶ መዋጥ ብቻ ነው። ፒልፓክ ለማሸጉ ተጨማሪ አያስከፍልም። የዛሬ ጠዋቱ ከረጢት ከተቀደደ ተወስዷል ማለት ስለሆነ «ወስጄ ይሆን?» የሚለውም ይቀንሳል። ግን አይጮኽም፣ አያስታውስም። እንደ ዋርፋሪን (ደም እንዳይረጋ የሚሰጥ) ያለ፣ በደም ምርመራ መጠኑ የሚቀያየር መድኃኒት በዚህ ውስጥ ባይገባ ይሻላል፤ ወር ሳይሞላ ሐኪሙ መጠኑን ቢለውጥ ከእያንዳንዱ ከረጢት ክኒን ስትለቅሙ ትውላላችሁ። ሲያም ብቻ የሚወሰደው በጠርሙሱ ይቆያል፤ ኢንሱሊንም የራሱን መንገድ ይሄዳል።

ማስታወቂያው የማይነግራችሁ ነገር አለ፦ ሰዓቱ። ከረጢቱ ላይ «8:00» ተብሎ ከጎኑ በእንግሊዝኛ ፊደል «ኤኤም» ይጻፋል። ዕድሜያቸውን በሙሉ በእኛ ሰዓት የኖሩ እናት ይህን ሲያነቡ የሚታያቸው ከምሳ በኋላ ያለው 8 ሰዓት ነው። ጠዋት 2 ሰዓት መዋጥ ያለበት የደም ግፊት ክኒን ስድስት ሰዓት ይዘገያል፤ እሳቸው ግን በትክክል የወሰዱ ነው የሚመስላቸው። ጥቅሉ ሲመጣ ማርከር አንሡና በየከረጢቱ «ጠዋት» እና «ማታ» ብላችሁ ጻፉ፤ ማንበብ ለሚቸግራቸው ፀሐይና ጨረቃ ሳሉበት። ሰዓት በስክሪን በሚያሳዩት ማሽኖችም ላይ ይኸው ጣጣ አለ።

ስማርት ክዳን የሚባለው ጠርሙሱ ላይ ይገጠማል፤ የተከፈተበትን ሰዓት መዝግቦ ለስልካችሁ ይልካል። ለአንድ ወይም ለሁለት መድኃኒት ይሆናል። ስድስት ዓይነት ለሚወስድ ሰው ስድስት የሚጮኽ ክዳን ቤት ውስጥ ማስገባት ግን ራሱ ሕመም ነው። ደግሞም ክዳኑ መከፈቱን እንጂ ክኒኑ መዋጡን አያውቅም።

ችግሩ መርሳት ከሆነ ማሽን ይሻላል። ሂሮ የሚባለው እስከ 10 ዓይነት መድኃኒት፣ እስከ 90 ቀን የሚበቃ ይይዛል፤ ክኒኑን ገልብጣችሁበት ትሄዳላችሁ፣ በሰዓቱ ራሱ ለይቶ ያወጣል። ወርሃዊ ክፍያ አለው፣ ዋይፋይም ይፈልጋል። ሜድማይንደር 28 ክፍል ያለው የሳምንት ሳጥን ነው፤ በቀን አራት ጊዜ ለሚወስድ የተሠራ። በራሱ የሞባይል መስመር ስለሚሠራ ዋይፋይ የሌላቸው፣ ብቻቸውን የሚኖሩ አባት ቤት ያለችግር ይቀመጣል። የሚቆለፍ ዓይነትም አለው። ማስታወስ ላቃታቸውና ደጋግመው ለሚውጡ ወላጅ ይህን የሚቆለፈውን ነው የምመርጠው፤ ግን በየሳምንቱ መጥቶ የሚሞላው ሰው ከሌለ አይገዛ።

እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2021 በአዲስ አበባ 10 የጤና ተቋማት የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን በየቀኑ የጤና ባለሙያ ፊት ከመዋጥ ይልቅ የ15 ቀን መድኃኒት በሚያስታውስና በሚመዘግብ ሳጥን ወደ ቤት እንዲወስዱ ተደርጎ ተሞክሯል። ሕመምተኛው ሲመለስ መዝገቡን የሚያይ ባለሙያ ነበረ። እናንተም ቤት ያንን መዝገብ የሚያይ ልጅ አስቀድሞ ይመደብ፤ መልእክቱ ለአራት ወንድማማቾች ከተላከ አንዱም አይደውልም።

ተራው ባለ ሰባት ቀን የፕላስቲክ ሳጥንስ? አእምሯቸው ንቁ ለሆነና ጥቂት ክኒን ለሚወስዱ በቂ ነው፣ ጥቂት ዶላር ነው። ክፋቱ ክዳኑን ሕፃን በቀላሉ ይከፍተዋል፤ የልጅ ልጆች የሚሮጡበት ቤት ከሆነ ከፍ ያለ ቦታ ይቀመጥ።

ወላጆቻችሁ ለገናና ለጥምቀት አገር ቤት ገብተው ሁለት ሦስት ወር የሚቆዩ ከሆነ ማሽኑን አታሸክሟቸው፤ መብራት ይጠፋል፣ ዋይፋይ ይቋረጣል። የመድኃኒቱ ስም የታተመበትን ከረጢት በእጅ ሻንጣ ይያዙ፤ ፋርማሲው ለጉዞ ከመደበኛው በላይ እንዲሰጥ ኢንሹራንሱ መፍቀድ ስላለበት ቀደም ብላችሁ ደውሉ።