ሦስቱ መብራቶች አረንጓዴ እስኪሆኑ

በኮምፒውተር ዲጂታል አጭር ሞገድ ሬዲዮ ለመስማት ስታገል ከርሜያለሁ፤ ፍርዱን አስቀድሜ ልናገር። ዶንግሉ፣ ማለትም ኮምፒውተር ላይ የሚሰካው ትንሹ መቀበያ፣ ከጠበቅኩት በላይ ነው። ሶፍትዌሩ ነፃ ነው፣ ሥራውንም ያውቃል፤ ሥራ እስኪጀምር ግን ሰው ያስለቅሳል። አንቴና ላይ ሁለቴ ተሸውጃለሁ። አንዴ በሻጭ፣ አንዴ በራሴ። ዲጂታል አጭር ሞገድ ለመስማት ገንዘብ ይዛችሁ የምታመነቱ ካላችሁ፣ ከዶንግሉ ይልቅ ስለ ሽቦው ተጨነቁ።

እኔ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። መሐንዲስ አይደለሁም። ካውያ ይዤ ሽቦ ስበይድ ጣቴን ነው መጀመሪያ የምበይደው። ይህን የምለው እናንተም አይከብዳችሁም ለማለት ነው። ትንሽ ግን ይከብዳችኋል።

ነገርየው ዲአርኤም ይባላል፤ ሲዘረዘር ዲጂታል ሬዲዮ ሞንዲያል። ጣቢያዎችና የማሠራጫ አምራቾች ተሰባስበው ማኅበሩን የመሠረቱት በፈረንጆቹ 1998 በቻይናዋ ጓንጆ ነው። መደበኛ ስርጭት የተጀመረው በ2003 ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። አጭር ሞገድ በጣም ሩቅ ይሄዳል፤ ድምፁ ግን እየራቀ እየቀረበ፣ እየተንጫረረ ያሰለቻል። ታዲያ ያንኑ ሞገድ ይዘን ድምፁን በዲጂታል ብንልከውስ? ለጣቢያውም የሚበላው ኤሌክትሪክ ይቀንሳል።

በተራ ሬዲዮ ዲአርኤም ጣቢያ ላይ ብትደርሱ የምትሰሙት ወፍራም «ሽሽሽ» ብቻ ነው። ጣቢያ አይመስልም። የተበላሸ ነገር ይመስላል። እኔ ራሴ በድሮው ሬዲዮዬ ስንቴ ረግሜው እንዳለፍኩ እግዜር ይወቅ። የሲግናሉን ጉልበት በሚስለው የኮምፒውተር ስክሪን ላይ ግን ወዲያው ይለያል። ተራው ጣቢያ መሐል ላይ ረጅም ምሰሶ አለው፤ ግራና ቀኙ ክንፍ ነው። ዲአርኤም ምሰሶ የለውም። አናቱ እንደ ጠረጴዛ ልሙጥ ነው፤ ስፋቱ ብዙውን ጊዜ 10 ኪሎኸርዝ። አንዴ ካያችሁት አትስቱትም።

የገዛሁት ዶንግል አርቲኤል-ኤስዲአር የሚባለው ነው፣ አራተኛው ስሪት። የአውራ ጣት ያህላል፤ ዩኤስቢ ላይ ይሰካል። ሆዱ ውስጥ ያለው ቺፕ የተሠራው ለዲጂታል ቴሌቪዥን ነበር። በ2012 አካባቢ ጎበዞች ቺፑ ጥሬ ሲግናል ለኮምፒውተር ማቀበል እንደሚችል ደረሱበት። ከዚያ ወዲህ የቴሌቪዥን መቀበያው የሁሉ ነገር ሬዲዮ ሆነ። ችግሩ፣ እንዲህ ያለ ዶንግል በተፈጥሮው ከ24 ሜጋኸርዝ በታች አይወርድም፤ አጭር ሞገድ ደግሞ ያለው ከ3 እስከ 30 ድረስ ነው። አራተኛው ስሪት ይህን የሚፈታው ከታች ያለውን ሁሉ በ28.8 ሜጋኸርዝ ወደ ላይ በማንሳት ነው። 7 ሜጋኸርዝ ላይ ያለውን ጣቢያ 35.8 ላይ አድርጎ ያየዋል ማለት ነው። እናንተ ምንም አይታወቃችሁም። ቁጥሩን ትጽፋላችሁ፣ በቃ። ለዚህ ስሪት የተዘጋጀውን ድራይቨር መጫን ግን አትርሱ።

ድክመቱ 8 ቢት መሆኑ ነው። ሲግናል የሚለካበት ሜትር 256 መስመር ብቻ አለው እንበል። አጠገባችሁ ኃይለኛ ጣቢያ ካለ መስመሩን ሁሉ እሱ ይይዘዋል፤ ለደካማው የሚተርፍ የለም። መድኃኒቱ ማጉያውን በእጅ ማስተካከል ነው። አውቶማቲኩን አጥፉት። ከታች ጀምራችሁ ቀስ እያላችሁ አንሱ፤ ጣቢያው መጉላቱን ትቶ ሹሹታው ብቻ መጨመር ሲጀምር አንድ ደረጃ ዝቅ አድርጉ። ከዚህ የተሻሉ፣ 14 ቢት የሆኑ መቀበያዎች አሉ፤ ኤስዲአርፕሌይ የሚሠራቸውን ማንሳት ይቻላል። አላማረኝም አልልም። ለዚህ ሥራ ግን አላስፈለገኝም።

አሁን ወደ ድሪም። ድሪም ዲአርኤምን ወደ ድምፅ የሚፈታው ሶፍትዌር ነው። የተጀመረው በጀርመን ዳርምሽታት ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ኮዱ ክፍት ነው፣ የሚከፈል የለም። ለሬዲዮ ወዳጆች የተዋለ ትልቅ ውለታ ነው። ምስጋናዬን ካቀረብኩ ዘንድ አሁን ልማረር።

አንደኛ፣ ብዙውን ጊዜ ድምፅ መፍቻው አብሮ አይመጣም፤ ምክንያቱ የፓተንት ጣጣ ነው። የጎደለውን ፋይል ፈልጋችሁ ትክክለኛው ፎልደር ውስጥ ማስቀመጥ የእናንተ ፈንታ ነው። ሁለተኛ፣ ዶንግሉን የሚያዘው አንድ ፕሮግራም ነው፣ ድሪም ሌላ። ሁለቱን የሚያገናኝ በሶፍትዌር የተሠራ የድምፅ ገመድ ያስፈልጋል። የሌለ ገመድ ነው፤ ኮምፒውተሩ ግን አለ ብሎ ያምናል። እኔ ይህን ገመድ ስጭን ኮምፒውተሩ የሁሉ ድምፅ መውጫ አድርጎት አረፈ። ከዚያ በኋላ ጣቢያው በየጥቂት ደቂቃው ድርግም ይላል። አየሩ ነው አልኩ። ፀሐይ ላይ ፍንዳታ አለ ብዬ ሁሉ አሰብኩ። ለካስ እህቴ መልእክት በላከች ቁጥር «ቲንግ» የምትለዋ ድምፅ በዚያው ገመድ ገብታ ስርጭቱን እየበጠሰችው ኖሯል! ሁለት ምሽት ሙሉ ፀሐይን ስወቅስ ጥፋቱ የቻቱ ነበር።

ሦስተኛ፣ ሹሹታ መቀነሻ፣ ድምፅ ማሳመሪያ የሚባሉትን ሁሉ አጥፉ። ለጆሮ የሚጠቅም ነገር ለዲጂታሉ መርዝ ነው። የማጣሪያውን ስፋት ከ10 ኪሎኸርዝ በላይ ክፈቱት፤ ከጠረጴዛው ጫፍና ጫፍ አንዳች እንዳይቆረጥ። የድምፅ ናሙናውንም፣ ማለትም ድምፁ በሰከንድ ስንቴ እንደሚለካ የሚወስነውን ቁጥር፣ በሁለቱም ፕሮግራሞች 48 ኪሎኸርዝ አድርጉት።

ይህን ካለፋችሁ ሦስቱ መብራቶች ይመጣሉ። ጣቢያው የሚልከው ነገር በሦስት የተከፈለ ነው። የመጀመሪያው «እኔ ዲአርኤም ነኝ፣ አሰራሬም እንዲህ ነው» ይላል። ሁለተኛው የጣቢያውን ስም ይዞ ይመጣል። ሦስተኛው ድምፁ ራሱ ነው። ድሪም ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ መብራት አለው፤ ከቀይ ወደ አረንጓዴ ይሄዳሉ። ሁለቱ የፊተኞቹ ጠንከር ባለ መከላከያ ስለሚላኩ በደካማ ሲግናልም ይደርሳሉ። ድምፁ ግን ስስ ነው። ስለዚህ የጣቢያው ስም ስክሪኑ ላይ ቁልጭ ብሎ ተጽፎ ምንም የማትሰሙበት ጊዜ አለ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። እኔ ስም ብቻ እያየሁ አራት ምሽት አምሽቻለሁ።

የተለመደው አጭር ሞገድ ቢደክምም ጆሮ ይለምደዋል፤ ከሹሹታው ውስጥ ቃል ይለቅማል። ዲአርኤም እንዲህ አያውቅም። የሲግናሉ ብልጫ ከሹሹታው በላይ 15 ዴሲቤል አካባቢ ሲደርስ ድምፁ ይመጣል፣ ንጹሕ ሆኖ። ትንሽ ዝቅ ሲል ይቆራረጣል። ከዚያ ጸጥ። ማባበል የለም።

የእኔ ከ9 አልበልጥ ብሎ ተቸከለ። እንግዲህ ሹሹታ የሚረጩትን የቤት ዕቃዎች ማደን ተጀመረ። የላፕቶፑን ቻርጀር ስነቅለው ስክሪኑ ላይ ያለው ጭጋግ ግማሽ በግማሽ ገፈፈ። ወይ ጉድ! ችግሩ ከጉልበቴ ሥር ነበር። ከዚያ የቤቱን ማብሪያ ማጥፊያ አንድ በአንድ ዞርኩ። የኮሪደሩ ኤልኢዲ አምፖል ከትልልቆቹ ጥፋተኞች አንዱ ነው። የእህቴ የስልክ ቻርጀር ስልክ ባይሰካበትም ይጮኻል። በመጨረሻ ዋናውን ማጥፊያ ቁልቁል ሳብኩት። እማዬ ከጓዳ «መብራት ሄደ እንዴ?» አሉ። «አዎ እማዬ፣ አሁን ይመጣል» አልኩ። ዋሽቼ አላውቅም አልልም። በዚያች በሁለት ደቂቃ ግን በሕይወቴ አይቼው የማላውቀውን ጥቁር፣ ጥርት ያለ ስክሪን አየሁ። የራሴ ቤት ምን ያህል እንደሚጮህ የገባኝ ያኔ ነው።

ስለ አንቴናው። የመጀመሪያው ባለ ማጉያ ቀለበት ነበር፤ ስሙን መጥራት ከማልፈልገው ሻጭ የገዛሁት። «ሹሹታ አያውቅም» ተብሎ ነበር የተሸጠው። ማጉያው ኃይል የሚወስድበት ገመድ ግን ራሱ ሹሹታ ነበር፤ የላከልኝ ማገናኛም በሳምንቱ ወለቀ። ጻፍኩለት። መልስ የለም። ቀለበቱ ራሱ መጥፎ ሐሳብ አይደለም። አሽከርክራችሁ ጀርባውን፣ ይቅርታ፣ መስማት የማይፈልግበትን አቅጣጫ ወደ ጩኸቱ ማዞር ትችላላችሁ። ኃይሉን ከተራ ባትሪ ድንጋይ ስሰጠው ደግሞ በጣም ተሻለው።

ሁለተኛው ስህተት የራሴ ነው። 10 ሜትር ሽቦ ገዛሁና ግድግዳው ላይ፣ በጣሪያው ዙሪያ ዘረጋሁት፤ ቤት ውስጥ! ሥርዓት ያለው፣ የሚያምር ሥራ ነበር። የመብራት ገመዶቹ በግድግዳው ውስጥ አብረውት እንደሚሄዱ አላሰብኩም። ጩኸቱን በማንኪያ ሳይሆን በጭልፋ ነበር የሚቀዳልኝ። ያንኑ ሽቦ በመስኮት አውጥቼ ከቤቱ አርቄ ሳንጠለጥለው፣ ሥሩ ላይም ሽቦውን ከመቀበያው ጋር የሚያስማማውን፣ ዘጠኝ ለአንድ የሚባለውን ትንሽ ትራንስፎርመር ስጨምርበት፣ በዩኤስቢ ገመዱ ላይ ጩኸት የሚያፍን የፌራይት ቀለበት ስቆልፍበት፣ ቁጥሩ 17 ገባ። ዶንግሉ ያው ነው። ኮምፒውተሩም ያው ነው።

ሦስቱም አረንጓዴ ሆኑ። ለትንሽ ሰከንድ ምንም የለም፤ ዲጂታሉ እስኪሰበሰብ ይዘገያል። ከዚያ አንዲት ሴት በፈረንሳይኛ ስትናገር እዚሁ ክፍል ውስጥ ያለች መሰለኝ። ስሙ «ራዲዮ ሩማኒያ ኢንተርናሽናል» ይላል። ፈረንሳይኛ አልችልም። እስኪያልቅ ሰማሁት።

ስለ ጥራቱ እውነቱን እንነጋገር። ንግግር እጅግ ጥሩ ነው። ሹሹታ የለም፣ መራቅ መቅረብ የለም። ዘፈን ላይ ግን ነገሩ ይጋለጣል። ጠቅላላው የሚላከው በሰከንድ 20 ኪሎ ቢት ቢሆን ነው፤ ብዙ ጊዜም ከዚያ ያነሰ። ቀጫጭኖቹ ድምፆች ውኃ ውስጥ የሚፍለቀለቁ ይመስላሉ። እንደ ኤፍኤም ነው የሚላችሁን ሰው አትመኑት።

አንድ ወጥመድ ልጨምር። አንዳንድ ጣቢያዎች ኤክስኤችኢ-ኤኤሲ የተባለውን አዲስ ድምፅ መጭመቂያ ይጠቀማሉ። የድሮ ድሪም ካላችሁ ስሙን ታያላችሁ፣ ሲግናሉም ግሩም ነው፣ ድምፅ ግን የለም። ሽቦ ከመንቀልና ከመትከል በፊት የሶፍትዌሩን ስሪት እዩ። የሰዓት ሰሌዳውም እንዲሁ ነው። የአጭር ሞገድ ጣቢያዎች በመጋቢትና በጥቅምት መጨረሻ የሚያሠራጩበትን ቁጥር ይቀይራሉ። እኔ ባለፈው ወቅት ሰሌዳ ሦስት ምሽት ባዶ አየር ጠብቄያለሁ። ሰዓቱም የተጻፈው በዩቲሲ፣ ማለትም በዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት፣ ስለሆነ ሒሳቡን አትሳቱ፤ የሂሳብ ሠራተኛው ሳይቀር ተሳስቷል።

ምንም ሳይገዙ መሞከር ለሚፈልጉ ኪዊኤስዲአር አለ። ሰዎች በየአገሩ የተከሏቸው መቀበያዎች ናቸው፤ በብራውዘር ትገባላችሁ፣ ዲአርኤም መፍቻውም ውስጡ አለ። ኒውዚላንድ ያለ መቀበያ ላይ ገብቼ የአገሬውን የፓሲፊክ ጣቢያ በዲአርኤም ሰምቻለሁ። በጣም ምቹ ነው። ግን ሌላ ሰው ያጠመደውን ዓሣ እንደመብላት ሆነብኝ። ያጠገባል፤ ደስታው ግን የሌላ ሰው ነው።

አሁን አሠራሬ የተለመደ ሆኗል። ከመሸ በኋላ ወደ 6 እና 7 ሜጋኸርዝ እወርዳለሁ፤ ቀን ከሆነ ወደ 15 ከፍ እላለሁ። የኮሪደሩን አምፖል አጠፋለሁ። የእህቴን ቻርጀር እነቅላለሁ፤ ትቆጣለች። የላፕቶፑንም ቻርጀር እነቅላለሁ። ባትሪው አርጅቷል፣ የሚይዘው ሃምሳ ደቂቃ ነው። የምወደው ፕሮግራም ደግሞ አንድ ሰዓት ነው። መጨረሻው ላይ ምን እንደሚሉ እስካሁን ሰምቼ አላውቅም።