የቦሌው ሱሺ ምርጥ ነው፤ ከማዘዛችሁ በፊት ግን ዋጋ ጠይቁ

አሜሪካ፣ ሲያትል ለሚኖር ሰው ሱሺ፣ ያ የጃፓኖቹ የሩዝና የጥሬ ዓሣ ምግብ፣ ብርቅ አይደለም። ባሕሩ ደጃፉ ነው፤ ሱፐርማርኬት ውስጥ እንኳን ደህና ሱሺ ይገኛል። ስለዚህ አዲስ አበባ ገብቼ የአክስቴ ልጅ «ሱሺ ቤት ልውሰድሽ» ስትለኝ ደስ አላለኝም። ባሕር የለን፣ መብራት ይጠፋል፣ ጥሬ ዓሣ ደግሞ ቀልድ አያውቅም። የናፈቀኝም ክትፎ ነበር። እሷ ግን «ግድ የለሽም፣ አንዴ ቅመሺው» ብላ ይዛኝ ሄደች።

ቤቱ ቦሌ ነው፣ ፎቅ ላይ። ሠራተኞቹ ላይ ጣጣ እንዳይመጣ ስሙን አልጠራም።

ምግቡ ግሩም ነው። ሱሺ ሲባል ሁሉም ዓሣውን ያያል፤ እኔ መጀመሪያ የማየው ሩዙን ነው። ፍሪጅ ያደረ ሩዝ ይደርቃል፣ ይፈረፈራል። የዚህ ቤት ሩዝ ለብ ያለ ነው፤ ኮምጣጤው ተመጥኖ ገብቶበታል። ሲያነሱት አይበተንም፣ አፍ ውስጥ ግን ይፈታል። ሳልሞኑ ሽታ የለውም፣ ጠርዙም አልደረቀም። ሲያትል ውስጥ ብዙ ቤት ከዚህ የባሰ በልቻለሁ።

ሱሺውን የሚሠራው ልጅ የአዲስ አበባ ልጅ ነው። ሳልሞኑ ከኖርዌይ በረዶ ሆኖ እንደሚመጣ ሳይደብቅ ነገረኝ። በረዶ መሆኑ ጉድለት የሚመስለው ሰው አለ። አይደለም። ጥሬ የሚበላ ዓሣን በረዶ አድርጎ ማቆየት ጥገኛ ትሎችን ይገድላል፤ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ከዜሮ በታች በ20 ዲግሪ ለ7 ቀን ማቆየትን በመመሪያው አስቀምጧል። በነገራችን ላይ «ጥሬ ዓሣ ለእኛ እንግዳ ነው» የሚለው ወሬ አይዋጥልኝም። ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር ዓሣ በጥሬው በዳጣ ይበላል። ግን እሱ በረዶ ያልተደረገ የሐይቅ ዓሣ ነው፤ ልጆች ይዛችሁ ከሄዳችሁ ጥብሱን እዘዙላቸው።

ዕለቱ ረቡዕ ነበር፤ የአክስቴ ልጅ ትጾማለች። ለእሷ አቮካዶና ኪያር ያለበት ጥቅል አዘዝን። አቮካዶው እንደ ቅቤ ነው፤ አሜሪካ እንዲህ ያለ አላገኘሁም። የምትጾሙ ሰዎች «ማዮኔዝ አይግባበት» በሉ፣ እንቁላል አለው።

አሁን ወደ ሂሳቡ።

ሜኑው ላይ የሳልሞን ኒጊሪ (ሩዝ ላይ የተደረገ የዓሣ ቁራጭ) 1,300 ብር፣ የቱና ጥቅል 1,400፣ የአቮካዶው 1,400 ይላል። ድምሩ 4,100። የመጣው ሂሳብ 6,767 ብር ከ75 ሳንቲም። አስተናጋጇን ጠራኋት። «ይቅርታ፣ ዋጋው ተቀይሯል፣ አዲሱ ሜኑ ገና አልታተመም» አለችኝ። ሳልሞኑ 1,750፣ ቱናው 1,850፣ አቮካዶው 1,750 ሆኗል። 5,350 ማለት ነው። በላዩ 10 በመቶ ሰርቪስ፣ በዚያ ላይ ደግሞ 15 በመቶ ቫት። ስናዝ ይህን የነገረን የለም። ስንጠይቅ ነው የተነገረን፣ ያውም ከበላን በኋላ።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ነገር መወደዱ ይገባኛል። ሳልሞን በዶላር ነው የሚገዛው። አቮካዶው ግን የራሳችን ነው፤ እሱ ላይ 350 ብር የተጨመረው በምን ሂሳብ ነው? ሲያትልም ታክስ በላዩ ይታሰባል፣ ቲፕም አለ። ሜኑ ላይ የተጻፈው ዋጋ ግን አይነካም። ሥራ አስኪያጁ መጣና «ሁሉም ቤት እንዲህ ነው» አለኝ። ሁሉም ቤት እንዲህ አይደለም። በዚያው ሰሞን ፒያሳ ምሳ የበላሁበት ቤት አዲሱን ዋጋ በእስክሪብቶ ጽፎ አሮጌው ላይ ለጥፎበታል። አያምርም፣ ግን ሐቀኛ ነው።

ተናድጄም ቢሆን ልከፍል ካርዴን ሰጠሁ። «ኔትዎርክ የለም»። ማሽኑን ይዘው ወደ መስኮት ሄዱ፣ ወደ ደረጃው ወጡ፣ ተመለሱ። አሁንም የለም። እንዲህ ያለ ብር በኪሴ አልያዝኩም። መጨረሻ ላይ የአክስቴ ልጅ በቴሌብር ከፈለች። ስንት ዓመት ተለይቻት ቆይቼ ልጋብዛት ወጥቼ እሷ ከፈለች። ከገንዘቡ በላይ ያቃጠለኝ ይሄ ነው። በማግስቱ ብሩን ስሰጣት «አልቀበልም» ብላ ተቆጣችኝ፤ ለእናቷ ሰጠሁና ነገሩ አለቀ።

ለበዓል የምትመጡና ሱሺ የሚያምራችሁ፣ ምግቡን አትፍሩ። መብራት ያልጠፋበትን ቀን ምረጡ፤ ጄኔሬተር እንዳላቸው መጠየቅም ነውር የለውም። ስታዙ «ይሄ ዋጋ የዛሬ ነው? ቫትና ሰርቪስ አለበት?» በሉ። ማሽኑ እንደሚሠራም ቁጭ ከማለታችሁ በፊት አረጋግጡ። ሩዙን የሚሠራውን ልጅ ግን አመስግኑልኝ፤ የሂሳቡ ነገር እሱን አይመለከተውም።