ስዊዝ ትራቨል ፓስ በበረዶ ወራት፦ የሚያዋጣው ለማን ነው?

በታኅሣሥና በጥር ስዊዘርላንድን በባቡር ለመዞር ላሰበ ሰው፣ ለተወሰኑ ቀናት በአንድ ትኬት በባቡርና በመርከብ የሚያስጓዘው ስዊዝ ትራቨል ፓስ ርካሽ አይደለም። ቢሆንም በሞቃቱ ወራት ከሚሰጠው ይልቅ በበረዶው ወራት የሚሰጠው ጥቅም ይበልጣል። ምክንያቱ አየሩ ነው። በእነዚህ ወራት ዝቅ ያለ ደመና ዙሪክን፣ በርንንና ሉሰርንን ለቀናት ሸፍኖ ይተኛል፤ ከደመናው በላይ ያለው ተራራ ግን በፀሐይ ደምቆ ይውላል። ለእያንዳንዱ ጉዞ ቀኑ የተወሰነ ቅናሽ ትኬት የቆረጠ መንገደኛ ደመናም ቢሆን ከመሄድ ሌላ ምርጫ የለውም። ፓስ የያዘው ግን ጠዋት የተራራ ካሜራዎቹን በስልኩ አይቶ ፀሐይ ወዳለበት ይሳፈራል። ለእንዲህ ያለ ቀን ከሪጊ ተራራ የተሻለ ቦታ የለም። ከሉሰርን በመርከብ ወደ ቪትስናው፣ ከዚያ በ1871 በተከፈተው ባለ ጥርስ ሐዲድ (ባቡሩ ዳገቱን ጥርሱን እየነከሰ የሚወጣበት) ወደ 1,800 ሜትር ገደማ ይወጣል። መርከቡም ባቡሩም በፓሱ ይሸፈናሉ።

ፓሱ ለ3፣ ለ4፣ ለ6፣ ለ8 ወይም ለ15 ተከታታይ ቀናት ይሸጣል። በ2024 በሁለተኛ ማዕረግ የ3 ቀኑ 244 ፍራንክ፣ የ8 ቀኑ 419 ፍራንክ ነበር። ለቀን ሲካፈል 81 እና 52 ገደማ ይመጣል፤ አጭሩ ብዙም አያዋጣም። ዕድሜያቸው ከ25 በታች ለሆኑ 30 በመቶ ይቀነሳል። ከ6 እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆች ከወላጅ ጋር በነፃ ይጓዛሉ፤ የቤተሰብ ካርዱን ግን ፓሱ ሲገዛ ጠይቆ መውሰድ ያስፈልጋል። ፍሌክስ የሚባለው ዓይነት በአንድ ወር ውስጥ ቀኖቹን ያስመርጣል። ችግሩ የጉዞውን ቀን ከመሳፈር በፊት በኢንተርኔት ማስመዝገብ የግድ መሆኑ ነው። ይህን የረሳ ሰው በተቆጣጣሪው ዓይን ትኬት እንደሌለው ይቆጠራል።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ዩንግፍራውዮህ በተባለው ከፍተኛ የተራራ ባቡር ጣቢያ ላይ ነው። ፓሱ እስከ ግሪንደልዋልድ ወይም ቬንገን ድረስ ያደርሳል፤ ከዚያ በላይ 25 በመቶ ቅናሽ ብቻ ይሰጣል። ግማሽ ዋጋ የሚያስከፍለው ሃፍ ፌር ካርድ ግን እዚያም 50 በመቶ ይቀንሳል። ስለዚህ አንድ ከተማ ተቀምጦ ውድ ተራሮችን ብቻ መውጣት ለፈለገ ሰው የሚሻለው ካርዱ ነው። በየቀኑ ከከተማ ከተማ የሚጓዝ ፓሱን ይግዛ።

የጉዞው ዋና ጌጥ ተራራ የሚያቋርጠው የበርኒና ባቡር መስመር ነው። ባለ ትልልቅ መስኮቱ በርኒና ኤክስፕረስ ወንበር ማስያዝን ያስገድዳል፤ ክፍያውም ከፓሱ ውጭ ነው። ይህን ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም። በዚያው ሐዲድ ላይ ከሴንት ሞሪትዝ ወደ ቲራኖ በየሰዓቱ የሚሄደው ተራ ቀይ ባቡር ያለ ማስያዣ ይሳፈሩበታል፤ አንዳንድ ሠረገላዎቹም የሚከፈት መስኮት ስላላቸው ፎቶው ላይ የመስታወት ነጸብራቅ አይወጣም። (ብርዱ ከባድ ነውና ፎቶ አንሥቶ ወዲያው መዝጋት ነው።) ሐዲዱ ያለ ጥርስ እስከ 7 በመቶ ቁልቁለት እየወረደ ከኦስፒትሲዮ በርኒና ጣቢያ 2,253 ሜትር ከፍታ ተነሥቶ ቲራኖ 430 ሜትር ገደማ ላይ ይደርሳል። ብሩዚዮ ላይ ቁልቁለቱን ለማለዘብ ክብ በሆነ ድልድይ ይዞራል። ወደ ቲራኖ ሲወርዱ በቀኝ በኩል መቀመጥ ይሻላል፤ የሞርተራች የበረዶ ግግርና ነጩ ሐይቅ (ላጎ ቢያንኮ) በዚያ ወገን ናቸው።

ዕቅድን የሚያበላሸው የቀኑ ማጠር ነው። በታኅሣሥ ፀሐይ የምትወጣው ከ8 ሰዓት በኋላ፣ የምትጠልቀው ከ17 ሰዓት በፊት ነው፤ ሰዓቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። ከዙሪክ ኩር 1 ሰዓት ከሩብ፣ ከኩር ሴንት ሞሪትዝ 2 ሰዓት፣ ከዚያ ቲራኖ 2 ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል። በአንድ ቀን ደርሶ መልስ ያሰበ ሰው መመለሻውን በጨለማ ይጓዛል። ሴንት ሞሪትዝ ወይም ፖንትሬዚና አድሮ ጠዋት መነሣት ነው የሚያዋጣው። ግላሲየር ኤክስፕረስ የተባለውን የቱሪስት ባቡር የፈለገ ደግሞ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ እንደማይሠራ ይወቅ።

ቲራኖ ጣሊያን ነው። አንድ የሸንገን ቪዛ ለሁለቱም አገር ይበቃል፤ ፓስፖርትን ግን ሆቴል ትቶ መሄድ አይገባም፣ ፓሱም የሚሠራው ከፓስፖርት ጋር ሲታይ ነው። ስዊዘርላንድ ለሚኖር ሰው ፓሱ አይሸጥም። ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ የመጣ እንግዳ ያላችሁ እዚያ ነዋሪዎች እሱ ፓሱን ሲገዛ እናንተ በግማሽ ዋጋ ካርዳችሁ አብራችሁት ትጓዛላችሁ።