የሣር አጨዳ ሥራዬን ወጪ በጉግል ሺትስ፦ በበጋም በክረምትም ተጠቅሜበት ያየሁት

ጅማ ውስጥ የሣር አጨዳና የግቢ እንክብካቤ ሥራ እሠራለሁ። ሁለት በትከሻ የሚንጠለጠሉ ማጨጃዎችና አንድ የሚገፋ ማሽን አሉኝ። ሁለት ቋሚ ልጆች አብረውኝ ይሠራሉ፤ ሥራ ሲበዛ የቀን ሠራተኛ እንጨምራለን። ደንበኞቼ በብዛት የመኖሪያ ግቢዎች ናቸው፤ ጥቂት የእንግዳ ማረፊያዎችና አንድ ሆቴልም አሉበት። ከጥቅምት ወዲህ የሥራውን ወጪ በሙሉ የምይዘው ስልኬ ላይ ባለው ጉግል ሺትስ በሚባል የሰንጠረዥ መተግበሪያ ነው። አሁን ነሐሴ ገብቷል። በጋውንም ክረምቱንም ስላየሁበት፣ ልታስቡበት ለምትችሉ ሰዎች የታዘብኩትን ልጻፍ።

ቁርጡን ላስቀድም፦ ነፃ ነው፣ ይሠራል፣ አልተወውም። ግን ከፍታችሁ ቁጥር ስለሞላችሁበት ብቻ የሚነግራችሁ ነገር የለም። ዋናው ዓምዶቹን በምን በምን እንደከፈላችኋቸው ነው።

ከዚህ በፊት ስልክ ላይ የሚጫኑ የወጪ መመዝገቢያ መተግበሪያዎችን ሞክሬ ነበር። አብዛኞቹ ለቤት ወጪ የተሠሩ ናቸው። ምግብ፣ ልብስ፣ ኪራይ፣ መዝናኛ ይሉሃል። የማጨጃ ገመድና ካንዴላ (የሞተሩ እሳት መለኮሻ) የት ይግባ? «ልዩ ልዩ» ውስጥ። ወሩ ሲያልቅ ታዲያ ከወጪዬ የሚበዛው «ልዩ ልዩ» ሆኖ አረፈው።

ሺትስ ላይ ዓምዱን የምትሠሩት ራሳችሁ ናችሁ። የእኔ እንዲህ ነው፦ ቀን፣ ወር፣ የወጪ ዓይነት፣ ግቢ፣ መጠን፣ ብር፣ በምን እንደተከፈለ፣ የግብይት ቁጥር። ከእነዚህ ሁሉ ሥራዬን የለወጠው «ግቢ» የሚለው ነው።

ቤንዚን ውድ መሆኑን ለማወቅ ሰንጠረዥ አያስፈልግም። የማይታወቀው የማን ሣር ላይ እንደተቃጠለ ነው። እኛ ጋ ውሉ በወር ነው፤ በጋም ሆነ ክረምት ዋጋው አንድ። በታኅሣሥና በጥር ሰርዶ ቶሎ አያድግም፤ በወር አንዴ ብናጭደው ይበቃል። ጅማ ግን ዝናቧ ቶሎ ይገባል፣ ዘግይቶም ይወጣል። ከሚያዝያ ጀምሮ ሣሩ አያስቆምም፤ ሰኔ ላይ በየሳምንቱ ካልሄድክ ማሽኑ እርጥብ ሣር ተጠምጥሞበት ይተናነቃል። ገቢው ያው ነው፣ ወጪው ሌላ።

ይሄን በጥቅሉ ሁላችንም እናውቀዋለን። በግቢ ሲደመር ግን ሌላ ነገር ይታያል። ወደ ጅሬን በሚወስደው ዳገት ላይ አንድ ሰፊ ግቢ አለን። ከሁሉም የተሻለ ከፋያችን እሱ ነው፤ «ደንበኞችህ እነማን ናቸው?» ስባልም መጀመሪያ የምጠራው እሱን ነበር። የግቢውን ጠቅላላ ድምር ሳየው፦ ማሽን ጭኖ ለሚወጣ ባጃጅ ኮንትራት፣ ልጆቹ ወርደው ስለማይበሉ የምሳ፣ ለተዳፋቱ የሚጨምር ቤንዚን፣ ድንጋይ የሚበጣጥሰው ገመድ። ሰኔና ሐምሌ ላይ የሻይ ብቻ ነው የተረፈኝ። ፈረንጅ አራዳና አጂፕ አካባቢ ያሉት ትንንሽ ግቢዎች ግን እርስ በርስ ቅርብ ናቸው። ልጆቹ ማሽኑን በትከሻቸው ይዘው ከአንዱ ወደ አንዱ በእግር ያልፋሉ። ቤቱን የያዙት እነሱ ኖሯል። በደብተር ሲጻፍ ሁሉም «ባጃጅ»፣ «ምሳ»፣ «ቤንዚን» ተብሎ ስለሚደባለቅ ይሄ አይወጣም።

ሁለተኛው ጠቃሚ ዓምድ «መጠን» ነው። ብር ብቻ መጻፍ አይበቃም። የነዳጅ ዋጋ ቶሎ ቶሎ ይከለሳል፤ በ2017 አዲስ አበባ ላይ የቤንዚን ዋጋ በሊትር ከ100 ብር አልፏል፤ ክልል ሲደርስ ደግሞ ማጓጓዣ አለበት። ብሩ ሲጨምር ዋጋው ነው የጨመረው ወይስ ልጆቹ ናቸው ብዙ የተጠቀሙት? ሊትሩን ካልጻፋችሁ መልስ የለውም።

እዚህ ላይ አንድ ያላሰብኩት ጥቅም ልንገራችሁ። የትከሻ ማጨጃ ሞተሩ ባለ ሁለት ምት ነው፤ ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ተደባልቆ ነው የሚገባው። የእኛ ማሽኖች የሚፈልጉት አንድ ለሃያ አምስት ነው። ማለትም በ1 ሊትር ቤንዚን 40 ሚሊ ሊትር ዘይት። ስለዚህ ባለ 1 ሊትር ዘይት 25 ሊትር ቤንዚን ይዞ መሄድ አለበት። አንድ ወር ላይ የዘይቱንና የቤንዚኑን ድምር ጎን ለጎን አየሁት። ዘይቱ ከሚገባው በላይ አልቋል። በዚያው ወር ካንዴላም ደጋግመን ገዝተናል። ሁለቱን ሳገናኛቸው ነገሩ ገባኝ። ዘይት ሲበዛ ካንዴላው በጥላሸት ይሸፈንና ማሽኑ አልነሳ ይላል። ትልቁን ልጅ ጠርቼ «በምንድነው የምትለኩት?» አልኩት።

«በክዳኑ ነዋ ጋሼ።»

«በየትኛው ክዳን?»

ክዳኑን አመጣው። የድሮው ዘይት ክዳን ነበር። አዲሱ ዘይት ክዳኑ ሰፊ ነው፤ ልጆቹ ደግሞ «ሁለት ክዳን» የሚለውን ልማድ ይዘው ቀጥለዋል። መስመር ያለበት የሲሮፕ መለኪያ ገዛሁላቸው፤ ችግሩ እዚያው ቆመ። ተቃራኒው ቢሆን የባሰ ነበር፤ ዘይት ሲያንስ ፒስተኑ ነው የሚነክሰው፤ ሞተሩ ተጣብቆ ይቀራል። አንድ ቀላል ሰንጠረዥ የማሽን ሐኪም ይሆናል ብዬ አልጠበቅኩም።

ስለ ቤንዚን ካነሳን፣ ሁለት ዓይነት መስመር አለኝ፦ «ቤንዚን ማደያ» እና «ቤንዚን ውጪ»። ማደያ በጀሪካን ለመቅዳት ደብዳቤ ይጠይቃል። ቤንዚን ሲጠፋ ደግሞ መንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠው አለ፤ ዋጋው ሌላ ዓለም ነው፣ ምን እንደተቀላቀለበትም አይታወቅም። ሁለቱን ለይቶ መጻፍ ደብዳቤ ለማውጣት የሚባክነው ጊዜ ከምን ከምን እንደሚያድን በቁጥር ያሳያል። «ታዲያ ብዙ ገዝቶ ማስቀመጥ ነው» እንዳትሉ፤ ዘይት የተቀላቀለበት ቤንዚን ከአንድ ወር በላይ ከቆየ ይበላሻል፣ ቤንዚኑን ከአየር ጋር የሚያቀላቅለውን ካርቡራተርም ይደፍናል። በዚያ ላይ ቤት ውስጥ ቤንዚን ማከማቸት ራሱ አደጋ ነው።

የማደያው ክፍያ ከ2015 ወዲህ በዲጂታል መሆኑ ለመዝገብ ተመችቶኛል። በቴሌብር የከፈልኩት ሁሉ መልእክት ይመጣበታል፤ የግብይት ቁጥሩን ቀድቼ እለጥፋለሁ። ወረቀት ደረሰኝ ግን በተቀበላችሁበት ቀን ፎቶ አንሱት። የካሽ ሬጂስተር ወረቀት ሙቀት ሲነካው ይጠቁራል፣ ሲቆይም ይደበዝዛል፤ ክረምት ላይ በእርጥብ ኪስ የከረመ ደረሰኝ ደግሞ ምን እንደሚመስል አልነግራችሁም።

አሁን ወደ ጉድለቱ። ሺትስ የኛን ዘመን አቆጣጠር አያውቅም። ቀን የሚላችሁ በፈረንጅ ነው። የቴሌብሩም የባንኩም መልእክት በፈረንጅ ስለሚመጣ «ቀን» የሚለውን ዓምድ እንዳለ ተውኩትና አጠገቡ «ወር» የሚል ጨመርኩ። እሱን የምሞላው ከተዘጋጀ ዝርዝር እየመረጥኩ ነው፤ ዝርዝሩ ጳጉሜንን ጨምሮ አሥራ ሦስት ወር ነው። (የወር ደንበኛ የጳጉሜን አይከፍልም፤ ሣሩ ግን ያድጋል፣ ሠራተኛውም ይበላል። በመዝገቤ ጳጉሜን ወጪ ብቻ ያለባት ወር ሳትሆን አትቀርም።) የግለሰብ ነጋዴ የግብር ዘመን ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ስለሆነ አዲሱን ገጽ የምከፍተው ሐምሌ ላይ ነው እንጂ መስከረም ላይ አይደለም።

ከዝርዝር መምረጥ ለወር ብቻ አይደለም የሚጠቅመው። «ሣር» እና «ሳር» ለእኛ አንድ ነው፤ ለሺትስ ሁለት የተለያየ ነገር ነው። አንዱ ልጅ «ቤንዚን»፣ ሌላው «ቤንዝን» ብሎ ከጻፈ ድምሩ ለሁለት ይከፈላል። የወጪ ዓይነትና ግቢ በእጅ እንዳይጻፍ፣ እንዲመረጥ አድርጉት። ይሄን አንዴ ኮምፒውተር ላይ ብትሠሩት ይሻላል፤ በስልክ ይደክማል።

ስልክ ላይ ሌላም የሚያበሳጭ ነገር አለ። ስክሪኑ ትንሽ ነው፣ ስምንት ዓምድ አይታይም። አውራ ጣት ቀመር ያለበትን ቦታ ነክቶ ድምሩን ያጠፋል። ድምሮቹን በሌላ ገጽ ላይ አደረግኳቸው። ኔትወርክ ሲጠፋም ይሠራል፤ ግን ፋይሉን አስቀድማችሁ ያለ ኢንተርኔት እንዲከፈት ማድረግ አለባችሁ። ከጠፋ በኋላ ትዝ ቢላችሁ ዋጋ የለውም። ቦታው አይሞላም፤ አንድ ፋይል እስከ 10 ሚሊዮን ህዋስ (የሰንጠረዥ ሳጥን) ይይዛል። ጅማ ያለ ሣር ሁሉ ቢታጨድ አይጨርሰውም።

ልጆቹን ሺትስ ላይ ጻፉ አላልኳቸውም። እጃቸው ጭቃና ዘይት ነው። ቴሌግራም ላይ ቡድን ከፈትን፤ ሲገዙ የደረሰኙን ፎቶና የግቢውን ስም ይልካሉ። ደረሰኝ ከሌለ በኪስ ደብተር ጽፈው ያንኑ ፎቶ ያነሳሉ። ማታ ቡና ሲፈላ እኔ እሞላለሁ። ብዙ ጊዜ አይወስድም፤ ሦስት ቀን ከተጠራቀመ ግን «ይሄ ሁለት መቶ ብር የምን ነበር?» የሚል ክርክር ይጀመራል።

ሰው የሚረሳቸውን ሁለት መስመሮችም ጨምሩ። አንዱ የማሽኑ እርጅና ነው። ማሽኑ 36,000 ብር ተገዝቶ ሦስት ዓመት ይሠራል እንበል፤ በወር 1,000 ብር እየበላችሁት ነው። ማንም ደረሰኝ አይሰጣችሁም፣ ግን ወጪ ነው። ሁለተኛው ማዳበሪያ ያመጣው ወጪ ነው። የበሰበሰ የቡና ገለባና ፍግ ጅማ ላይ አይጠፋም፤ ገንዘቡን የሚበላው ማጓጓዣው ነው። ዩሪያ ደግሞ 46 በመቶ ናይትሮጅን ነው፤ ዝናብ ሲጀምር ከበተናችሁት ሣሩ ይፈነዳል። ደንበኛው ደስ ይለዋል፤ እናንተ በዚያው የወር ዋጋ ሁለት ጊዜ ተጨማሪ ታጭዳላችሁ። ግንቦት ላይ «ማዳበሪያ» ያልኩበት ግቢ ሁሉ ሰኔ ላይ ቤንዚኑ ዘሎ ነው ያገኘሁት። አሁን ማዳበሪያ የምሰጠው የዝናቡ ወቅት ሊያበቃ ሲል ነው።

ለማን ይሆናል? አንድ ማሽን ይዛችሁ ለብቻችሁ የምትሠሩ ከሆነ ደብተር ይበቃችኋል፤ ገጾቹን በግቢ ከፋፍሏቸው። ሠራተኛ ካላችሁና ገንዘብ ከእናንተ ሌላ ሰው እጅ የሚያልፍ ከሆነ ሺትስ ይመረጣል። ራሱ መልእክት አንብቦ የሚመዘግብ፣ የሚያስታውስ ነገር ከፈለጋችሁ ግን ይሄ አይደለም። ካልሞላችሁት ባዶ ነው።

ለመጪው ዓመት ውሎቼን በሁለት ዋጋ እያደስኩ ነው፦ የበጋና የክረምት። ሆቴሉ «እናስብበት» ብሏል። ወደ ጅሬን ዳገት ያለው ግቢ ባለቤት የሆኑት እናት ጋ ሄጄ ወጪውን በስልኬ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው አዩትና «ልጄ፣ ምሳቸውን ከዚህ ይብሉ፤ እሱን ቀንስና ሌላውን ጨምር» አሉኝ። «ምሳ» የሚለውን መስመር ከእሳቸው ግቢ ላይ ከመስከረም ጀምሮ አወጣዋለሁ። በምትኩ «ሰዓት» የሚል ዓምድ ልጨምር ነው፤ የልጆቹ ሰዓት በየግቢው ስንት እንደሚሄድ እስካሁን በግምት ነው የያዝኩት።